የቤተሰብ ወሬ ብቻ

ደብዳቤው ክፍት ነው፤ ፖስታው አይታሸግም፣
ከሃያ መስመር በላይ መጻፍም አይፈቀድም።
ስለ ጦር፣ ስለ ጥይት፣ ማን ማንን እንደገደለ
አይጻፍም። የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የተባለ።

እኔ ፊርመን ነኝ፤ የባንጋሱ ጎማ ጠጋኝ፣
ሱቄ የተቃጠለ ለት ይህ ሥራ አገኘኝ።
ደመወዝ የለውም። ነጭ ሰደርያ አለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል፤
እናቴ «ዒላማ ነው ወይ?» አለችኝ፣ አጥባ ስትሰቅል።

ማኅበራችን ሰፊ ነው ይላሉ በሬዲዮ የሚያወሩ፤
እኔ የማውቀው አንድ ክፍል ነው፣ የሚያፈስ ጣራው፣ ሦስት ወንበሩ፣
አንድ ቃሬዛ፤ ጧት ቁስለኛ፣ ማታ የካሳቫ ጆንያ የሚሸከም፣
እና ኔስቶር፤ የሁለቱንም ወገን ሬሳ የቀበረ፣ የማያወራ፣ የማይደክም።
«አፈር ወገን አይጠይቅም» ይል ነበር። ነበር ያልሁት
ሰደርያውን በመጋቢት፣ ታጥቦ፣ ለሚስቱ ስለመለስሁት።

ማዳም ክሎቲልድ ያኮሲ መጣች ወደ ማንጎው ሥር፤
ፊደል አትቆጥርም፤ እኔ ልጽፍ፣ እሷ ልትናገር።
«ለሲልቨር ጻፍልኝ» አለች፣ «ለሁለተኛው ልጄ፣
ያን ሌሊት ሲተኮስ ላመለጠኝ ከእጄ።
ቤቱን አቃጠሉት በለው።» «ማዳም፣ ይህ አይጻፍም።»
«አባትህን፣ በራፉ ላይ፣ እነዚያ...» «ይህም አይጻፍም።»

ብዕሬን አየችው፣ እንደ ክፉ ሰው።
«እንግዲያ ፍየሏ ወለደች በለው።
ሁለት። አንዷ ጥቁር ናት፤ አንዷ ግንባረ ቦቃ።
የአባትህ ጫማ ከእንግዲህ ያንተ ነው በለው። በቃ።»

ሕግ አልፈረሰም። አንድ ፊደል አልተሰረዘም።
እንዲህ ሲቀበር ግን፣ በጫማ ውስጥ፣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ምቦሙን በታንኳ ተሻገርሁ። ወዲህ ያለው ጠብመንጃ ቦርሳዬን ፈታ፤
ወዲያ ያለውም እንዲሁ፤ ያው ጥያቄ፣ በዚያው ተርታ፦
«የማን ወገን ነህ?» «የደብዳቤው።» አንደኛው ሳቀ፤
ሌላው ሳሙናዬን ወስዶ ደብዳቤውን ለቀቀ።

ንዱ መጠለያ፣ ከሸራው ጥላ፣ ዝርዝሬን ዘረጋሁ።
አርባ ሁለት ስም። ዘጠኝ እጅ ወጣ። የቀረውን በዓይኔ ፈለግሁ።
«ሲልቨር ያኮሲ!» ስል ከኋላ፣ ከባልዲዎቹ ተራ፣
አንድ ትንሽ እጅ ተነሣ፤ ጭቃ የለበሰ፣ የሚፈራ።

ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲልቨር አሥራ ሰባት ነው።
«የእናትህ ስም ማነው?» አልሁት። መሬቱን አየው።
«አይሳቱ» አለ ቆይቶ። «ይቅርታ። የኔ ስም ሃሚዱ ነው፤
ግን በየሳምንቱ ስም ትጠራለህ፤ እኔን የሚጠራኝ ማነው?»

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው አይሰጥም።
አልሰጠሁትም።
ስለ ፍየሏ ግን ነገርሁት።

«ሁለት?» «ሁለት።» «አንዷ ቦቃ?» «አዎ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ።»
ሳቁ ከከንፈሩ ሳይደርስ ዓይኑ ላይ አለ ብልጭ።
ስለ ጫማው ዝም አልሁ። ባዶ ነበር እግሩ።
አዲስ ቅጽ አወጣሁ፤ ስሙ፣ የእናቱ ስም፣ መንደሩ።
«ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አሰበ፤ ጣቱን ነከሰ።
«ፍየል ወለደች በላት።» ወሬ አልነበረውም፤ የሰው ወሬ ተዋሰ።

ማታ ማዳም ክሎቲልድ ወንዙ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ፤
«አልተገኘም» የሚለውን ማኅተም ገና ሳላሳያት፣ አየችኝ።
«ፍየሏን ግን የሰማ አለ» አልኋት። «ማን?» «አንድ ልጅ።»
ብዙ ቆየች። ቀዛፊው ታንኳውን ውኃ ቀዳለት፣ በእጅ በእጅ።

«ጫማ አለው?» አለች።

ዕቃ አናሻግርም፤ ይህም ሕግ ነው፤ ነገርኋት።
«ሲልቨር እስኪገኝ ነው» አለችኝ።
«ጫማ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይደርቃል።
አንድ ሰው ያለዝብለት።»